ስለ በግ ሸለታ የሚነገሩ የእንግሊዝኛ ቃላትን ከነሥርወ ቃላቸው ለማጥናት

ሱሉልታ ከምኖርበት ቤት አጥር ባሻገር፣ ከመንዝ የመጡ አንዲት እናት በየዓመቱ በበጋው ወራት በጎቻቸውን በመቀስ ይሸልታሉ፤ ጠጉሩንም አጥበውና አባዝተው በእንዝርት እየፈተሉ ለባና ያዘጋጁታል። እንግሊዝኛ ከማስተምራቸው ልጆች አንዷ ይህን ሥራ ቆማ ስታይ ቆይታ፣ «ቲቸር፣ ‹ሸለተ› እና የእንግሊዝኛው ‹ሺር› አንድ ቃል ናቸው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጥያቄዋ የአስተዋይ ልጅ ጥያቄ ነበር፤ ይሁን እንጂ ሁለቱ ቃላት አንድ አይደሉም። አማርኛ ከሴማውያን ቋንቋዎች፣ እንግሊዝኛ ደግሞ ከኢንዶ-አውሮፓ ቋንቋዎች የጀርመን ቅርንጫፍ ስለሚቆጠሩ፣ የሁለቱ ግሦች መመሳሰል አጋጣሚ ብቻ ነው። የቃላትን ምንጭ ሊያጠና የሚነሣ ሰው አስቀድሞ ሊይዘው የሚገባው ጥንቃቄም ይኸው ነው፤ ድምፃቸው የተመሳሰለ ቃላት ሁሉ ዘመዳሞች ስላልሆኑ፣ ቃሉ ቀድሞ እንዴት ይጻፍ እንደ ነበረና በማን በኩል እንደ መጣ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ጥናቱን ከራሱ ከግሡ ይጀምሩ። «ሺር» ማለት መሸለት ሲሆን፣ የተሸለተው በግ «ሾርን» ይባላል። መሣሪያው «ሺርስ» ነው፤ እኛ «መቀስ» ብለን በነጠላ የምንጠራውን እንግሊዞች ሁለት ስለት ስላለው ሁልጊዜ በብዙ ቁጥር ይጠሩታል። ቃሉን በቦታው ለማየት የሚቀልለው መንገድ የአማርኛውንና የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ ቅዱስ ጎን ለጎን ዘርግቶ ኢሳይያስ 53፥7ን ማንበብ ነው፤ በእኛው በሸላቾቹ ፊት ዝም የሚለው በግ፣ በ1611 በታተመው የእንግሊዝኛ ትርጉምም በ«ሺረርስ» ፊት ዝም ይላል። በሁለት «ኢ» የሚጻፈው «ሺር» ግን ፍጹም፣ ቀጥ ያለ ገደል ወይም ስስ ጨርቅ ለማለት የሚያገለግል ሌላ ቃል ነው፤ አነባበባቸው አንድ ስለሆነ ተማሪዎች ዘወትር ያምታቷቸዋል።

ከዚህ በኋላ ወደ ሥሩ ይውረዱ። የቋንቋ ሊቃውንት የእህትማማች ቋንቋዎችን ቃላት በማነጻጸር፣ «ስኬር» ወይም «ኬር» የሚል፣ ትርጉሙ «መቁረጥ» የሆነ ጥንታዊ ሥር እንደ ነበረ ደርሰውበታል። አጭር የሚል ትርጉም ያለው «ሾርት»፣ የተቆረጠ ከማለት የወጣ የዚህ ሥር ልጅ ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ባንክም ነጋዴም የሚጠራው «ሼር» እንዲሁ ተቆርጦ የተሰጠ ድርሻ ማለት ነው። ለተማሪዎቼ ይህን ሳስረዳ ምሳሌ የማደርገው ቅርጫን ነው፤ በሬው ታርዶ ሥጋው በየመደቡ ሲከፋፈል ያየ ልጅ፣ ድርሻ ከመቁረጥ እንዴት እንደሚወለድ ሌላ ማስረጃ አያሻውም። እንግሊዞች የማረሻውን ብረትም «ሼር» ይሉታል፤ እርሱ ደግሞ መሬቱን የሚቆርጠው ነው።

ከሁሉ ይልቅ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው የ«ሸርት» እና የ«ስከርት» ታሪክ ነው። ሁለቱም አንድ ቃል ነበሩ፤ ትርጉሙም አጭር ልብስ ነበር። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ስክ» የነበረው ድምፅ ከጊዜ በኋላ ወደ «ሽ» ሲለወጥ፣ የአገሬው ቃል «ሸርት» ሆነ፤ ከ9ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ በምሥራቅና በሰሜን እንግሊዝ የሰፈሩት የስካንዲኔቪያ ሰዎች ግን በኖርስ ቋንቋቸው «ስክ»ን እንደ ያዙ ስለቆዩ፣ ያንኑ ቃል በሌላ መልክ አመጡት፤ ከእርሱም «ስከርት» ወጣ። ይህ ነገር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ግእዙ «ሤመ» በአማርኛ «ሾመ» ሲሆን፣ ቤተ ክህነት የጥንቱን ይዛ «ሢመተ ጵጵስና» ስትል፣ መሥሪያ ቤቱ «ሹመት» ይላል፤ አንዱ ሥር በሁለት በር ገብቶ ሁለት ቃል ሆኖ ይኖራል። ደግሞም እኛ «ስከርት»ን «ጉርድ ቀሚስ» ማለታችን እጅግ ደስ የሚያሰኘኝ ነገር ነው፤ ማንም ከእንግሊዝኛ ሳይተረጉመው አማርኛም ልብሱን በመቆረጡ ጠራው። ስለዚህ «ሽ» ያለበት የእንግሊዝኛ ቃል ሲያጋጥምዎ «ስክ» ያለበት ወንድም ይኖረው እንደ ሆነ ይፈልጉ።

በዚሁ የኖርስ መንገድ «ስኮር» መጣ። ዛሬ የምናውቀው ከእግር ኳስ ውጤት ጋር ቢሆንም፣ ቀድሞ በእንጨት ላይ የሚቆረጥ ምልክት ነበረ፤ ቆጣሪው በየሃያው አንድ ምልክት ስለሚቆርጥ ቃሉ «ሃያ» ማለትም ሆነ። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ሊንከን በ1863 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በጌቲስበርግ ባደረገው ንግግር «አራት ስኮር ከሰባት ዓመት» ሲል 87 ዓመት ማለቱ ነው። እንዲለማመዱበት አንድ ቁጥር ልስጥ፦ ጃኪ ሃው የተባለው አውስትራሊያዊ ሸላች በ1892 ዓ.ም. እ.ኤ.አ. በኩዊንስላንድ በእጅ መቀስ በ7 ሰዓት ከ40 ደቂቃ 321 በጎች ሸልቷል፤ ይህም አሥራ ስድስት ስኮር ከአንድ ይሆናል።

«ክሊፕ» ላይ ሲደርሱ ደግሞ ጥንቃቄዎን ያጥብቁ፤ በአንድ ፊደል የሚጻፉ ሁለት ቃላት ናቸውና። መቁረጥ ማለት የሆነው ከኖርሱ «ክሊፓ» የመጣ ነው፤ የዓመቱ የሸለታ ምርት «ክሊፕ» የሚባለው፣ ከፊልም ተቆርጦ የሚወጣውም ቁራጭ በዚሁ ስም የሚጠራው ስለዚህ ነው፤ የእኛም የሙዚቃ «ክሊፕ» ከዚህኛው ወገን ነው። ወረቀት የሚይዘው «ክሊፕ» ግን ማቀፍ የሚል ትርጉም ከነበረው ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ክሊፓን» የወረደ ነው። አንዱ ያለያያል፣ ሌላው ያያይዛል።

ከበጉ ላይ በአንድነት የሚወርደው ጠጉር «ፍሊስ» ይባላል። ግእዝ ለበግ ጠጉር «ፀምር» ይላል፤ «ፀምረ ጌዴዎን» ሲባል የሰማ ሰው፣ በመሳፍንት ምዕራፍ 6 ጌዴዎን በአውድማው ላይ የዘረጋውን ጠጉር የእንግሊዝኛው መጽሐፍ «ፍሊስ» ብሎ እንደሚጠራው ቢያይ ቃሉን አይረሳውም። ግሥ ሲሆን ሰውን አታልሎ ገንዘቡን መግፈፍ ማለት ነው። በልብስ ገበያ ግን ስሙ አያሳስትዎ፤ ዛሬ «ፍሊስ» የሚባለው ለስላሳ ጃኬት አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ከፖሊስተር ስለሆነ፣ የበግ ጠጉር የሚፈልግ ሰው ከአንገቱ ሥር ባለው ጨርቅ ላይ «ዉል» የሚለውን ቃል መፈለግ አለበት። በእጅ ቅባት ላይ የሚጻፈው «ላኖሊን» ከላቲኑ «ላና» (የበግ ጠጉር) እና «ኦሌዩም» (ዘይት) የተሠራ ሲሆን፣ «ላና» እና «ዉል» ራሳቸው በሩቁ ዘመዳሞች ናቸው። «ቤልዌዘር» ደግሞ ቃጭል የታሰረለት፣ መንጋውን የሚመራ ሙክት ነው፤ ከአየር ጠባይ ጋር አይገናኝም።

እንግሊዝኛና አማርኛ በእውነት የሚጋሩት ቃል ከዚህ ሁሉ በኋላ በጎረቤቴ ቤት ተሰቅሎ ይገኛል። «በርኖስ» ከዐረብኛው «ቡርኑስ» ወደ እኛ መጣ፤ እንግሊዞችም ያንኑ ቃል በፈረንሳይኛ በኩል ተቀብለው እስከ ዛሬ «በርኑስ» ይላሉ። ያቺ ልጅ ዝምድና ስትፈልግ በ«ሸለተ» አጣችው፤ ጥቁሩን በርኖስ ካሳየኋት በኋላ ግን ቃሉን ደብተሯ ላይ በሁለቱም ፊደል ጻፈችው።