የሰንሰለት መጋዝ ማርሚታን ማስፋት፦ አዲስ አበባ ላይ እንዴት ይሠራል?

የሰንሰለት መጋዝ ሲደክም መጀመሪያ የሚሰማው ምክር «ማርሚታውን ክፈተው» የሚል ነው፤ የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ ቀዳዳ አስፋው ማለት ነው። ምክሩ እውነት አለው። ፋብሪካው መውጫውን የሚያጠበው ድምፅና ብክለት ለመቀነስ ነው። ጭሱ ሲታፈን ግን ሞተሩ ይሞቃል፣ ጉልበቱም ይቀንሳል።

አዲስ አበባ ላይ ግን ከማርሚታው የሚቀድም ሥራ አለ። መሃል ከተማው ከባህር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው። አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ስለዚህ ለዝቅተኛ ቦታ ተስተካክሎ የመጣ መጋዝ መርካቶ ተገዝቶ ሲነሳ ቤንዚን ይበዛበታል። ያጨሳል፣ ጋዝ ሲሰጡት ይንተፋተፋል፣ ካንዴላው (ብልጭታ የሚሰጠው) ይጠቁራል። ይህ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው የካርቡራተር ጉዳይ ነው። ማርሚታው ምንም አላጠፋም። ሰንሰለቱን ሳሉ፣ የአየር ማጣሪያውን አጽዱ፣ ካርቡራተሩን አስተካክሉ። በዚህ ብቻ ሥራው የሚያልቅላቸው መጋዞች ብዙ ናቸው። ከፍታው የወሰደውን ጉልበት በሙሉ የሚመልስ ማርሚታ ደግሞ የለም።

ከዚህ በኋላም ማስፋት ከፈለጋችሁ፣ መጀመሪያ ካርቡራተሩ ላይ የማስተካከያ ብሎኖች መኖራቸውን አረጋግጡ። «ኤች» የሚለው የከፍተኛ ዙር፣ «ኤል» የሚለው የዝቅተኛ ዙር ነው። እንደ ስቲል ኩባንያ ኤም-ትሮኒክና እንደ ሁስክቫርና ኩባንያ አውቶቱን ያሉት ካርቡራተሮች ራሳቸውን ስለሚያስተካክሉ ብሎኖቹ የሏቸውም። ዋስትና ያለው መጋዝ ከሆነ ደግሞ ዋስትናው እንደሚቀር እወቁ።

ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። የካንዴላውን ቆብ ንቀሉ። ማርሚታውን የያዙትን ብሎኖች ፍቱ፤ ብዙዎቹ የስቲል መጋዞች ላይ ቲ27 የሚባለው ባለ ስድስት ጫፍ ኮከብ መፍቻ (ቶርክስ) ይበቃል። ከዚያ የማስነሻ ገመዱን ቀስ ብላችሁ ስቡና ፒስቶኑ የጭስ መውጫውን በር እንዲዘጋው አድርጉ። በሩን በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑት። ወደ ሲሊንደሩ የገባ የብረት ብናኝ ፒስቶኑን ይጭረዋል።

አሁን ለኩ። የሲሊንደሩን የጭስ በር ስፋትና ቁመት አባዙ። የማርሚታው መውጫ በጠቅላላ የዚህን 80 በመቶ ያህል ቢሆን ይበቃል። ለምሳሌ በሩ 30 በ15 ሚሊ ሜትር ከሆነ 450 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው፤ 80 በመቶው 360 ይሆናል። የፋብሪካው ቀዳዳ 200 ከሆነ 160 ይቀራል። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ሁለት ቀዳዳ ያንን ይሞላል። ከዚህ አትለፉ። ውስጡን ሙልጭ አድርጎ ባዶ ቆርቆሮ ማድረግ ጥሩ አይደለም። ቱ ስትሮክ ሞተር መጠነኛ ተቃውሞ ካላገኘ ያልነደደ ቤንዚን ከጭሱ ጋር ይተፋል።

ቀዳዳው ጭሱን ወደ ፊት ይልቀቅ፤ ከእጅ፣ ከፕላስቲክና ከቤንዚን ታንከሩ ይራቅ። በድሪል ብሱ፣ ጠርዙን በሞረድ አለስልሱ፣ ብናኙን በአየር ንፉ፣ ከዚያም እጠቡ። የእሳት ፍንጣሪ የሚይዘውን ወንፊት አትጣሉት፤ አዲሱም ቀዳዳ ወንፊት ይኑረው። እንጦጦ ላይ በበጋ የደረቀ የባህር ዛፍ ቅጠል ዘይት ያለበት ስለሆነ በትንሽ የእሳት ፍንጣሪ ይቀጣጠላል። ስትገጥሙ ጓርኒሲዮኑ (በማርሚታውና በሲሊንደሩ መሃል ያለው ማሸጊያ) ከተበላ ቀይሩት።

ዋናው ሥራ አሁን ይመጣል። ጭሱ በቀላሉ ሲወጣ ሞተሩ ብዙ አየር ይስባል፤ ቤንዚኑ ያንሰዋል። የሞተሩ ዘይት ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ስለሚገባ ዘይቱም ያንሳል፤ ፒስቶኑም ሲሊንደሩ ውስጥ ይነክሳል፣ ማለትም ተጣብቆ ይቆማል። ስለዚህ «ኤች»ን ከማስነሳታችሁ በፊት ወደ ግራ ሩብ ዙር ያህል ክፈቱ። ሰንሰለቱ ተገጥሞ፣ ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ለአጭር ጊዜ ሙሉ ጋዝ ስጡና ጆሯችሁን ጣሉ። እንጨት ሳይነካ ትንሽ መንተባተብ አለበት፤ እንጨት ውስጥ ሲገባ ድምፁ ይጠራል። ባዶውን ጥርት ብሎ ከጮኸ ቤንዚን አንሶታል፤ ወደ ግራ ጨምሩ። እንጨት ውስጥም ከተንተባተበ በዝቶበታል፤ ወደ ቀኝ በትንሽ በትንሹ መልሱ። የዙር መለኪያ ካገኛችሁ መመሪያው ላይ ካለው ከፍተኛ ዙር አታሳልፉት። ይህን ለማድረግ ያልተዘጋጀ ሰው ማርሚታውን ባይነካ ይሻላል።

የጆሮ መከላከያ ግዴታ ነው፤ መጋዝ ማርሚታው ሳይነካም ከ100 ዴሲቤል በላይ ይጮኻል። ብዙዎቻችን ግቢ ለግቢ ተጠጋግተን ነው የምንኖረው፤ ሙከራውን በሥራ ሰዓት አድርጉ፣ ጎረቤትንም ቀድማችሁ አሳውቁ።

ጥቂት ከቆረጣችሁ በኋላ ካንዴላውን አውጥታችሁ እዩ። ፈዛዛ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው። ነጭ ከሆነ ሥራውን አቁሙና «ኤች»ን ክፈቱ። መጋዙን ይዛችሁ ወደ አዳማ ወይም ወደ አዋሽ ስትወርዱም እንዲሁ፤ አየሩ ስለሚወፍር አዲስ አበባ ላይ ልክ የነበረው ቅልቅል እዚያ ቤንዚን ያንሰዋል። የመጀመሪያውን ግንድ ከመንካታችሁ በፊት ካርቡራተሩን እዚያው አስተካክሉ።