ጎንደር ላይ የዓይን ክሊኒክን ከወረቀት ካርድ ወደ ኮምፒውተር ማዛወር፦ እንዴት እንደሚሠራ

ኮምፒውተር ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ካርድ ተከተሉ። ከካርድ ክፍል ተነሥቶ ዕይታ ወደሚለካው ባለሙያ፣ ወደ ሐኪሙ፣ ወደ ኦፕሬሽን ክፍልና ወደ መድኃኒት ቤት ሲሄድ ማን ምን እንደሚጽፍበት መዝግቡ። የምትገዙት ፕሮግራም የሚመዘነው በዚህ ነው።

ቀጥሎ ምዝገባው ይስተካከል። ከሁሉም የሚከብደው ይኸው ነው። ከደባርቅ የመጡ እናት ዛሬ «ፀሐይ» ተብለው ይመዘገባሉ፤ በቀጠሯቸው ሌላ መዝጋቢ «ጸሃይ» ብሎ ሲፈልጋቸው ኮምፒውተሩ የሉም ይላል፣ አዲስ ካርድ ይወጣላቸዋል። ግላኮማ (ብዙ ጊዜ ከዓይን ግፊት መጨመር ጋር ተያይዞ የዓይን ነርቭን የሚጎዳ በሽታ) ካለባቸው ያለፈው የዓይን ግፊታቸው አንዱ ካርድ ላይ፣ የዛሬው ሌላው ላይ ይቀራል፤ ሐኪሙም በሽታው መባባሱን አያይም። ስለዚህ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ፣ እንዲሁም ሰና ሠ፣ አና ዐ፣ ጸና ፀ በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጠሩ የፕሮግራሙን አቅራቢ አስገድዱት። የራስ፣ የአባትና የአያት ስም በየራሱ ሳጥን ይግባ። ስልክ ብቻውን መለያ አይሆንም፤ ከገጠር የሚመጣ ሰው የልጁን ወይም የጎረቤቱን ቁጥር ሊሰጥ ይችላል። የእናት ስምና ቀበሌ ጨምሩበት። የልደት ቀኑን ለማያውቅ ደግሞ «በግምት» የሚል ምልክት ይኑር።

ቀጠሮ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታይ። በፈረንጅ ቀን ብቻ የሚሠራ ፕሮግራም ሳያውቀው ጥር 11 ይቀጥራል፤ በጥምቀት ቀን ጎንደር ላይ ለዓይን ምርመራ ማን ይመጣል?

የዓይን ቅጹ ቀኝና ግራን ለይቶ ይያዝ። ዕይታ በእጅ ከሚጻፍ ከዝርዝር ይመረጥ፦ 6/6 (ጤናማ ዕይታ)፣ 6/18፣ 6/60፤ ከዚያ በታች ጣት መቁጠር፣ የእጅ እንቅስቃሴ፣ ብርሃን መለየት። ግፊት በቁጥር ብቻ ይግባ፤ የተለመደው ከ10 እስከ 21 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ስለሆነ 150 ተብሎ ሲጻፍ ፕሮግራሙ ይጠይቅ። በ2004 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኦፕን ኤምአርኤስ (OpenMRS) የተባለው የሕክምና መዝገብ ፕሮግራም ነፃ ነው፤ ለዓይን የሚሆነውን ቅጽ ግን የሚያዘጋጅላችሁ ባለሙያ ያስፈልጋል። ያለ ባለሙያ ነፃ ፕሮግራም ውድ ነው።

ሰርቨሩ፣ ማለትም መረጃው ሁሉ የሚቀመጥበት ዋናው ኮምፒውተር፣ ክሊኒኩ ውስጥ ሆኖ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሥራ፤ መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚያቆየው ባትሪ (ዩፒኤስ) ይኑረው። የመረጃው ቅጂ በየማታው ይወሰድና ከክሊኒኩ ውጭ ይቀመጥ። ቅጂው ተመልሶ መከፈቱን አልፎ አልፎ ሞክሩ።

የድሮ ካርዶችን ሁሉ ለመተየብ አትነሡ። ታካሚው ሲመጣ የመጨረሻ ዕይታውን፣ ግፊቱን፣ የተሠራለትን ኦፕሬሽንና የማይስማማውን መድኃኒት ብቻ አስገቡ፤ የግላኮማ ታካሚዎች ግን ያለፉት ግፊቶቻቸውም ይግቡላቸው። ወረቀቱ የሚቆምበትን ቀን አስቀድማችሁ ቁረጡ፤ ካልተቆረጠ ሠራተኛው ሁለቱንም በግማሽ ይሞላል።

የይለፍ ቃል ለየሰው ይሰጥ፤ በአንድ ቃል ሁሉም ከገባ ማን ምን እንደለወጠ አይታወቅም። በግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 መሠረት የጤና መረጃ ልዩ ጥበቃ የሚሻ ነው፤ የምዝገባው ስክሪንም ወረፋ ወደሚጠብቀው ሰው አይዙር።