ሙቀት በሶላር ፓኔልና ባትሪ ላይ የሚያደርሰውን ጫና እንዴት መለካትና መቀነስ ይቻላል? ለጎጃም ቆላና ደጋ

ፓኔሉ ጀርባ ላይ «100 ዋት» ተብሎ የተጻፈው ቁጥር የተገኘው ፋብሪካ ውስጥ ነው። የፓኔሉ ሴሎች 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ሆነው በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን ሲያርፍባቸው ማለት ነው። ከደጀን ወረድ ብሎ ዓባይ በረሃ ውስጥ፣ በሚያዝያ ቀትር፣ ቆርቆሮ ጣራ ላይ የተሰቀለ ፓኔል ከዚህ እጅግ ይሞቃል። ጮቄ ሥር ያለው ቤት ደግሞ በታኅሣሥ ንጋት ውርጭ ያገኘዋል። ከአንድ ሱቅ የተገዛ አንድ ዓይነት ዕቃ ቆላ ሲወርድና ደጋ ሲወጣ ጠባዩ ይለያያል። ልዩነቱን በቀላል መሣሪያ ራስዎ መለካት ይችላሉ።

ፀሐይዋ ባቃጠለች ቁጥር ሶላሩ የበለጠ ይሠራል ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ፓኔሉን የሚያሠራው ግን ብርሃኑ ነው፤ ሙቀቱ ይቀንስበታል። የፓኔሉ ሴሎች የተሠሩበት ሲሊከን ሲሞቅ በብርሃን የተነሡት ኤሌክትሮኖች ሥራ ሳይሠሩ ወደ ቦታቸው የመመለሳቸው ዕድል ስለሚጨምር ቮልቴጁ ይወርዳል። የተለመደው የሲሊከን ፓኔል ከ25 ዲግሪ በላይ ለጨመረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ ከ0.35 እስከ 0.45 በመቶ ገደማ ያጣል። በጠራ ሰማይ ሴሉ ከአካባቢው አየር ከ20 እስከ 30 ዲግሪ በላይ ስለሚሞቅ፣ አየሩ 28 ዲግሪ በሆነበት ቀን ሴሉ 55 ዲግሪ ቢደርስ አይደንቅም። ያኔ ባለ 100 ዋቱ ፓኔል ብርሃኑ ሙሉ ሆኖም 88 ዋት አካባቢ ነው የሚሰጥዎ።

ደረጃ 1፦ ቴርሞሜትሩን ይፈትኑ

ሽቦ ያለው ዲጂታል ቴርሞሜትር፣ ቮልት የሚለካ መልቲሜትርና ደብተር ይበቃሉ። መጀመሪያ ቴርሞሜትሩ ትክክል መሆኑን ያረጋግጡ። የተፈጨ በረዶ ከጥቂት ውሃ ጋር ብርጭቆ ውስጥ አደባልቀው ሲነክሩት 0 ዲግሪ ገደማ ማሳየት አለበት። በፈላ ውሃ ሲፈትኑ ግን 100ን አይጠብቁ። ከባሕር ወለል ከፍ ባልን ቁጥር በየ300 ሜትሩ የውሃ መፍያ ሙቀት በ1 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። ስለዚህ 1,800 ሜትር ግድም ላይ ባለችው ባሕር ዳር 94፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ባለችው ደብረ ማርቆስ 92 ዲግሪ አካባቢ ማንበብ አለብዎ። ደብረ ማርቆስ ላይ በፈላ ውሃ 100 የሚያሳይ ቴርሞሜትር ካጋጠመዎ አይመኑት።

ደረጃ 2፦ ብርሃኑን ሳይለውጡ ሙቀቱን ይለውጡ

ይህን ፓኔሉን ጣራ ላይ ከመስቀልዎ በፊት ያድርጉት። የቴርሞሜትሩን ጫፍ ፓኔሉ ጀርባ መሐል ላይ በፕላስተር ይለጥፉና ነፋሱ እንዳያታልልዎ በቁራጭ ስፖንጅ ይሸፍኑት። ፓኔሉ ጠዋት ቤት ውስጥ ይቆይ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ገደማ፣ ደመና በሌለበት፣ ያውጡትና ፊቱን ወደ ፀሐይ ያዙሩት። ሁለቱን ገመዶች ከምንም ጋር ሳያገናኙ ወዲያው ቮልቱን ይለኩ፤ ሙቀቱንም ይጻፉ። ሳያነቃንቁት ግማሽ ሰዓት ያህል ትተውት እንደገና ይለኩ።

ብርሃኑ ያው ነው፤ የተለወጠው ሙቀቱ ብቻ ነው። በቤተ ሙከራ የሚሠራ ተመራማሪም የሚደክመው ለዚሁ ነው፤ አንዱን ነገር እየለወጡ ሌላውን ባለበት ማቆየት። ያልተገናኘ ፓኔል ቮልት በየዲግሪው 0.3 በመቶ ገደማ ይወርዳል። በ25 ዲግሪ 22 ቮልት የሚሰጥ ፓኔል 50 ዲግሪ ሲደርስ ወደ 20.4 ቮልት ይጠጋል።

ደረጃ 3፦ ከቆርቆሮው ያርቁት

ፓኔሉ ቆርቆሮው ላይ ተለጥፎ ከተኛ ከላይም ከታችም ይሞቃል። ግማሽ ስንዝር ወይም ከዚያ በላይ ክፍተት ይስጡት፤ በሥሩ አየር ሲያልፍ ሙቀቱን ይዞለት ይሄዳል። ፊቱን ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ያዘንብሉት። የፓኔሉ ፍሬም አሉሚኒየም ነው፤ አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሚለጠጥ ከብረት ማቆሚያው ጋር በብሎንና በማያያዣ እንጂ በሌላ መንገድ ድርቅ አድርገው አያስሩት። ቀን ሲለጠጥ ሌሊት ሲኮማተር ብሎኖቹ ስለሚላሉ በዓመት አንዴ ያጥብቋቸው።

ደረጃ 4፦ ደጋ ላይ ቮልቱን ከፍ አድርገው ያስሉ

ቅዝቃዜ ለፓኔሉ መልካም ነው፤ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚሄደውን ኃይል ለሚቆጣጠረው መሣሪያ፣ ለኮንትሮለሩ፣ ግን አደጋ ሊሆን ይችላል። 22 ቮልት የሆኑ ሁለት ፓኔሎችን በተከታታይ፣ የአንዱን ፖዘቲቭ ከሌላው ኔጋቲቭ፣ ካገናኙ 44 ቮልት ይሆናል። በ0 ዲግሪ ንጋት ላይ ይህ ወደ 47.3 ቮልት ይወጣል። ኮንትሮለሩ የሚችለው 45 ቮልት ብቻ ከሆነ ሊቃጠል ይችላል። ሳይገዙ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ከፍተኛ ቮልት ያንብቡ።

ደረጃ 5፦ ባትሪውን ይጠብቁ

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚገባው ባትሪው ነው። ፓኔል ሲሞቅ የቀነሰው ጉልበት ሲቀዘቅዝ ይመለስለታል፤ ባትሪ በሙቀት ያጣው ዕድሜ ግን አይመለስም። የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዘወትር የሚኖርበት ሙቀት ከ25 ዲግሪ በ10 ዲግሪ ሲበልጥ ዕድሜው በግማሽ ገደማ ያጥራል፤ በውስጡ ያሉትን ሰሌዳዎች የሚበላው ዝገት በሙቀት ይፈጥናልና። ቅዝቃዜ ደግሞ ዕድሜውን ሳይሆን የዕለቱን ጉልበት ይቀንሳል፤ 0 ዲግሪ ላይ ከሚይዘው 80 በመቶ ገደማ ብቻ ይሰጣል። ታኅሣሥ ላይ መብራቱ ቶሎ ቢጠፋ ባትሪው ተበላሽቷል ብለው ለመጣል አይቸኩሉ።

ቴርሞሜትሩን ባትሪው ጎን ላይ ለጥፈው ጎህ ሳይቀድ፣ ቀትር ላይና ማታ ይመዝግቡ። ባትሪው የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ከሆነ ወደ ጭቃው ቤት ያዛውሩት፤ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ የቀኑን ሙቀትና የሌሊቱን ብርድ ያለዝባል። ከምድጃ ግን ያርቁት። ቻርጅ ሲሆን ሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ አየር የሚገባበት ቦታ ይፈልጋል፤ እሳት ከቀረበው ሊፈነዳ ይችላል።

የቻርጁም ቮልት ከሙቀቱ ጋር መሄድ አለበት። በ25 ዲግሪ 14.4 ቮልት የሚፈልግ ባለ 12 ቮልት ባትሪ በ10 ዲግሪ ወደ 14.8፣ በ35 ዲግሪ ደግሞ ወደ 14.2 ቮልት ይፈልጋል። ብዙ ኮንትሮለሮች ይህን በራሳቸው ያስተካክላሉ፤ የሚለኩት ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሳቸውን ሙቀት ነው። ስለዚህ ኮንትሮለሩና ባትሪው አንድ ክፍል ውስጥ ይሁኑ፤ አለበለዚያ ባትሪው ላይ የሚለጠፍ የሙቀት ሽቦ ያለውን ኮንትሮለር ይምረጡ። የሊቲየም ባትሪ ካለዎ ደግሞ ከ0 ዲግሪ በታች እያለ ቻርጅ አያድርጉት፤ ሊቲየሙ ውስጡ እንደ ብረት ተለብጦ ይቀራል፣ ባትሪውም ይጎዳል።

ክዳኑ የሚከፈት የእርሳስ ባትሪ ከሆነ ከየካቲት እስከ ግንቦት በየወሩ ውሃውን ይዩ። ከሰሌዳዎቹ በታች ወርዶ ካገኙት መጀመሪያ ሰሌዳዎቹን እስኪሸፍን ብቻ የተጣራ የባትሪ ውሃ ይጨምሩ፣ ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ ያድርጉት፣ ከዚያ እስከ ምልክቱ ይሙሉት። የቧንቧም የምንጭም ውሃ አይጨምሩበት፤ በውስጡ ያለው ማዕድን ሰሌዳውን ያበላሻል።