ነፃ የኦንላይን ኮርስ ጀምሮ እስከ መጨረሻው እንዴት መዝለቅ ይቻላል

ነፃ ኮርስ መመዝገብ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ሁለት ሦስት ሳምንት ሲያልፍ ግን ብዙው ሰው ይጠፋል። ትምህርቱ መናኛ ስለሆነ አይደለም። የአሜሪካው ዩኒቨርሲቲ ኤምአይቲ የኮርሶቹን ማስታወሻና ፈተና በነፃ ሊለቅ እንደሆነ ያስታወቀው እ.ኤ.አ. በ2001 ነው። ሌላው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ሐርቫርድም ሲኤስ50 የሚባለውን የኮምፒውተር ሳይንስ መግቢያ ለማንም ክፍት አድርጎታል። የሚጎድለው "የት ጠፋህ?" የሚል አስተማሪ ነው። ያንን ክፍተት ራሳችን መሙላት አለብን። ሲኤስ50ን ምሳሌ አድርጌ ላሳያችሁ።

ደረጃ 1፦ የምትፈልጉትን በአንድ መስመር ጻፉ
"ኮምፒውተር ልማር" አይበቃም። "ለእናቴ ሱቅ የዱቤ መዝገብ የሚይዝ ፕሮግራም ልሥራ" ይበቃል። ወረቀቱን አስቀምጡት፣ በኋላ ትፈልጉታላችሁ።

ደረጃ 2፦ አንድ ኮርስ ብቻ ምረጡ
የሒሳብ መሠረት ከጎደላችሁ ካን አካዳሚ የሚባለው ነፃ የትምህርት ድረ ገጽ ይቅደም። ክፍልፋይን እንደገና መማር ምንም አያሳፍርም። እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደርስ (የኮድ ጸሐፊዎች) ሥልጠናም ለኢትዮጵያውያን በነፃ የቀረበ ነው። ሁለት ኮርስ ባንዴ አትጀምሩ።

ደረጃ 3፦ ነፃ የሆነው የቱ እንደሆነ አጣሩ
አንዳንዱ ኮርስ ትምህርቱ ነፃ ሆኖ ሰርተፍኬቱ ይከፈልበታል። ሲኤስ50 በራሱ ገጽ በኩል ነፃ ሰርተፍኬት ይሰጣል፤ ኤዴክስ በሚባለው የኮርስ ድረ ገጽ በኩል የሚሰጠው የተረጋገጠ ሰርተፍኬት ግን ክፍያ አለው። ኮርሴራ በሚባለው ሌላ የኮርስ ድረ ገጽ ላይ አቅም ለሌለው የድጋፍ ማመልከቻ አለ። ማመልከቻውን ከሌላ ሰው ሳትገለብጡ የራሳችሁን ሁኔታ ጻፉ።

ደረጃ 4፦ ዳታ ቆጥቡ
የሲኤስ50 አንድ ትምህርት ሁለት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። እኔ የምመክረው ቪዲዮውን ከመክፈት በፊት በጽሑፍ የተዘጋጀውን ማስታወሻ ማንበብ ነው። ደካማ ኔትወርክም ላይ ይከፈታል፣ እንግሊዝኛው ለሚከብደው ደግሞ ቆም እያለ ለማንበብ ይመቻል። ከዚያ ቪዲዮውን ጥራቱን ዝቅ አድርጋችሁ በሃያ በሃያ ደቂቃ እዩት። ኮምፒውተር የሌላችሁ እንዳትቀሩ። ኮዱ የሚጻፈው በብሮውዘር ውስጥ ስለሆነና ሥራችሁም እዚያው ኢንተርኔት ላይ ስለሚቀመጥ፣ ዛሬ ቤተ መጻሕፍት የጀመራችሁትን ነገ ኢንተርኔት ካፌ መቀጠል ትችላላችሁ።

ደረጃ 5፦ አሳይመንቱን ሥሩ
የኮርሱ ዋጋ ያለው እዚህ ነው። ቪዲዮ ስናይ ሁሉም የገባን ይመስለናል። ከሲኤስ50 የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ ከማሪዮ ጌም የተወሰደ የጡብ ፒራሚድ በኮድ መሥራት ነው። ሲያዩት የልጅ ጨዋታ ይመስላል። ባዶ ቦታውን በትክክል ለማስቀመጥ ግን አንድ ሙሉ ማታ ሊፈጅ ይችላል። መልሱ ኢንተርኔት ላይ ሞልቷል፣ እባካችሁ አትክፈቱት። ኮምፒውተሩን ዝጉና ፒራሚዱን በእስክሪብቶ ሣሉ። በእያንዳንዱ መስመር ስንት ባዶ፣ ስንት ጡብ እንዳለ ቁጠሩ። ያ ቆጠራ ራሱ ፕሮግራሚንግ ነው። የኮርሱ ማረሚያ ፕሮግራም ትክክል መሆን አለመሆኑን ወዲያው ይነግራችኋል።

ደረጃ 6፦ ጓደኛ ፈልጉ
አንድ ሰው ይበቃል። ቀንና ሰዓት ቁረጡ፣ ለምሳሌ ማክሰኞና ቅዳሜ ማታ ሁለት ሰዓት። የተማራችሁትን በአማርኛ አስረዱት። እንግሊዝኛውን ሸምድዳችሁ ከሆነ ያኔ ይታወቃል፤ ማስረዳት ያቃታችሁ ቦታ ላይ ተመለሱ።

ደረጃ 7፦ የራሳችሁን ሥራ አስረክቡ
ሲኤስ50 የሚያልቀው ተማሪው ራሱ በመረጠው ፕሮጀክት ነው። ከሦስት ደቂቃ ያልበለጠ ማሳያ ቪዲዮም ይጠየቃል። አሁን የመጀመሪያውን ወረቀት አውጡና የዱቤ መዝገቡን ሥሩት። ሲቪያችሁ ላይ ከሰርተፍኬቱ በላይ የዚያን ቪዲዮ ሊንክ አስቀምጡ፤ ቀጣሪው የሠራችሁትን ከፍቶ ያያል። እናታችሁ ደግሞ ማን ስንት እንዳለበት ከስልክ ላይ ያነባሉ።