ኡሉሩን በአግባቡ ለመጎብኘት

በአውስትራሊያ መካከል፣ ቀይ አሸዋ በተንጣለለበት በረሃ ላይ የቆመው ኡሉሩ ከዙሪያው ሜዳ 348 ሜትር ከፍ ያለ፣ የግርጌው ዙሪያ ከ9 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ አንድ ወጥ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ለአካባቢው ነባር ሕዝብ ለአናንጉዎች ደግሞ ይህ አለት ጁኩርፓ የሚሉት፣ ከቀደምት አባቶች የወረሱት ሕግ፣ እምነትና ታሪክ የታተመበት ቅዱስ ስፍራ ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰውም ጉዞውን ማሰናዳት ያለበት የሌላ ሕዝብ ቅዱስ ስፍራ በእንግድነት እንደሚገባ አውቆ ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ አለቱ ላይ መውጣት ክልክል መሆኑን ይወቁ። የአውስትራሊያ መንግሥት እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 26 ቀን 1985 መሬቱን ለአናንጉዎች የመለሰ ሲሆን፣ እነርሱም በብሔራዊ ፓርክነት እንዲቀጥል ለ99 ዓመት መልሰው አከራዩት። ባለቤቶቹ እንግዶች እንዳይወጡ ለብዙ ዓመታት ሲለምኑ ከቆዩ በኋላ፣ በ2019 በዚያው ዕለት መውጫው ተዘጋ። መንገዱ ማላ ከተባሉት ቀደምት አባቶች ጉዞ ጋር የተያያዘ በመሆኑ የተከበረ ነው፤ ከዚህም ሌላ በዓመታት ውስጥ ከ30 በላይ ሰዎች በመውጣት ላይ ሳሉ ሞተዋል፣ አናንጉዎችም በምድራቸው ለሚሞት እንግዳ ከልብ ያዝናሉ። በእኔ እምነት በመውጫው መዘጋት ለጎብኚ የቀረበት ነገር የለም፤ የኡሉሩ ሀብት ሁሉ ያለው ከግርጌው ነውና።

ለጉዞ የሚመቸው ከሜይ እስከ ሴፕቴምበር ያለው ቀዝቃዛ ወቅት ሲሆን፣ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ሊወርድ ስለሚችል ወፍራም ልብስ መያዝ ይገባል። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። ከሲድኒና ከሜልቦርን በአውሮፕላን መድረስ ይቻላል። በመኪና ከአሊስ ስፕሪንግስ የሚነሱ ከሆነ ደግሞ መንገዱ 450 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ካንጋሩ፣ ከብትና የዱር ግመል ወደ አስፋልቱ ስለሚገቡ ጨለማ ሳይዝዎት ይድረሱ። በፓርኩ ውስጥ ማደር ስለማይፈቀድ ማረፊያ የሚገኘው በአቅራቢያው ባለችው በዩላራ ከተማ ነው። የመግቢያ ትኬቱ ለ3 ቀን ያገለግላል፤ ብዙዎች የፀሐይ መጥለቂያን ፎቶ አንስተው በማግስቱ ይመለሳሉ፣ እኔ ግን ሦስቱንም ቀን እንዲጠቀሙበት አጥብቄ እመክራለሁ።

የመጀመሪያውን ቀን ከባህል ማዕከሉ ይጀምሩ። በዚያ ስለ ጁኩርፓ ለእንግዳ የሚነገረው ያህል ይነገራል፤ በውስጡ ፎቶ ማንሳት ግን አይፈቀድም። ከዚያ በኋላ ደርሶ መልስ 1 ኪሎ ሜትር በሆነው በኩኒያ መንገድ ወደ ሙቲጁሉ ኩሬ ይሂዱ። አናንጉዎች እንደሚተርኩት፣ ኩኒያ የተባለችው ዘንዶ ሴት የወንድሟን ወይም የእህቷን ልጅ ከገደለው ሊሩ ከተባለ መርዘኛ እባብ ጋር የተዋጋችው እዚህ ነው፤ በመቆፈሪያ ዱላዋ ሁለት ጊዜ መታችው፣ ምቱም በገደሉ ፊት ላይ ተሰንጥቆ እስከ ዛሬ ይታያል። ታሪኩን ሰምቶ ስንጥቁን ቀና ብሎ ያየ ሰው አለቱን ከሩቅ ካየው ሰው ፈጽሞ የተለየ ነገር ያያል፤ ስለዚህ እዚህ አይቸኩሉ። በዋሻዎቹ ያሉትን ሥዕሎች በእጅ አይንኩ።

በሁለተኛው ቀን ሙሉውን ዙሪያ ይጓዙ። መንገዱ 10.6 ኪሎ ሜትር ሲሆን ሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። በሙቀት ወቅት ጎህ ሲቀድ ተነስተው ከረፋዱ 5 ሰዓት፣ በሀገሩ አቆጣጠር 11፡00፣ በፊት መጨረስ አለብዎት። ለእያንዳንዱ የእግር ጉዞ ሰዓት አንድ ሊትር ውሃ ይያዙ፤ ሰፊ ባርኔጣና ዝንብ የሚከላከል የፊት መረብም ያስፈልጋል። በመንገዱ ላይ ፎቶ ማንሳት የሚከለክሉ ምልክቶች አሉ። ከእነዚህ ስፍራዎች አንዳንዶቹ የወንዶች፣ ሌሎቹ የሴቶች ብቻ ስለሆኑና የአለቱ ቅርጽ ራሱ እንደ ቅዱስ መጽሐፍ ስለሚቆጠር፣ ምስላቸው ከቦታቸው ውጭ መታየት የለበትም። በዚያ ሲያልፉ ካሜራውንም ስልኩንም ወደ ኪስ መክተት የእንግዳ ግዴታ ነው፤ ድሮን ማብረርም አይቻልም።

ለሦስተኛው ቀን በዚያው ፓርክ ያለው፣ 36 ጉልላት መሰል አለቶች ያሉት ካታ ጁታ አለ። ይህ ስፍራ በወንዶች ሕግ የተቀደሰ ስለሆነ ታሪኩ ለእንግዳ አይነገርም፤ አስጎብኚውን አይጠይቁ። በዚያ ያለው፣ የነፋሳት ሸለቆ የተባለው የእግር መንገድ ሙቀቱ 36 ዲግሪ እንደሚደርስ በተተነበየ ቀን ከረፋዱ 5 ሰዓት በኋላ በከፊል ይዘጋል።

ከአሸዋውም ከድንጋዩም ምንም አይውሰዱ። ወስደው የተጸጸቱ ሰዎች ከተለያዩ ሀገራት ድንጋይ በፖስታ ይልካሉ፣ የፓርኩ ሠራተኞችም ከየትኛው ቦታ እንደተነሳ ለማወቅ ይቸገራሉ። ማስታወሻ የሚፈልግ ሰው በባህል ማዕከሉ ካለው፣ የአናንጉ ሠዓሊዎችና እንጨት ቀራጮች ንብረት ከሆነው ከማሩኩ መደብር ይግዛ።