የኖርዌይ ኤልክሃውንድን እንዴት መያዝና መንከባከብ ይቻላል

ኤልክሃውንድ በኖርዌይ ጫካዎች ሙስ የሚባለውን ግዙፍ አጋዘን ለማደን የተራባ ውሻ ነው። ፀጉሩ ግራጫ፣ ጆሮው ቀጥ ብሎ የቆመ፣ ጭራው ጀርባው ላይ የተጠቀለለ ነው። ወንዱ እስከ ትከሻው ሲለካ 52 ሴንቲ ሜትር፣ ሴቷ 49 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናሉ፤ ክብደታቸው ከ22 እስከ 25 ኪሎ ነው። ከኖርዌይ ገበሬዎችና አዳኞች ጋር ብዙ ዘመን ኖሯል፤ በአገሩ የውሻ ትርኢት ላይ የቀረበው ግን እ.ኤ.አ. በ1877 ነው።

መጀመሪያ ሥራውን እወቁ

ተለቅቆ የሚያድነው ኤልክሃውንድ የሙሱን ጠረን ተከትሎ ያገኘዋል። ካገኘው በኋላ ፊት ለፊቱ ወዲያ ወዲህ እያለ፣ ከሰኮናው እየሸሸ፣ ሳያቋርጥ ይጮህበታል። ሙሱ ዓይኑን ውሻው ላይ ተክሎ ይቆማል፤ አዳኙም ጩኸቱን ተከትሎ፣ ሽታው እንዳይቀድመው ነፋሱን ፊት ለፊት እየተቀበለ ይጠጋል። ውሻው ይህን ሁሉ የሚሠራው ጌታው ሩቅ ሆኖ፣ አዛዥ ሳይኖረው ነው። ስለዚህ «እልኸኛ ነው» የሚሉት ሰዎች ይበድሉታል። ራሱ እንዲወስን ተመርጦ የተራባ ውሻ ነው፤ በቁጣና በዱላ የሚያዘው ሰው የሚያተርፈው ቂም ብቻ ነው። ከቤተሰብና ከልጆች ጋር ግን ፍቅር ነው።

ቡችላውን ስትመርጡ

የወላጆቹን የዳሌ አጥንት የራጅ ውጤትና የዓይን ምርመራ ወረቀት ጠይቁ። ዝርያው የዳሌ መገጣጠሚያ መላላትና ቀስ በቀስ ወደ ዓይነ ስውርነት የሚያደርስ የሬቲና በሽታ ሊወርስ ይችላል። ወረቀት ማሳየት የማይፈልግ ሻጭ ቡችላውን በግማሽ ዋጋ ቢሰጣችሁም አትውሰዱ።

ፀጉሩን ማበጠር

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ኤልክሃውንድ ሁለት ዓይነት ፀጉር አለው፦ ውኃና በረዶ የሚመልስ ጠንካራ ላይኛ ፀጉር፣ ከሥሩ ደግሞ እንደ ባዘቶ የለሰለሰ ወፍራም ውስጠኛ ፀጉር። በአዘቦት ቀን በሳምንት አንድ ሁለት ጊዜ ማበጠር ይበቃል። በዓመት ሁለት ጊዜ ገደማ ግን ውስጠኛው ፀጉር በጅምላ ይነቀላል፤ ያኔ ለጥቂት ሳምንታት በየቀኑ ማበጠር ግድ ነው።

ስህተቱ ከላይ ከላይ መቦረሽ ነው። ላይኛው ፀጉር ያብረቀርቃል፣ ባለቤቱም የጨረሰ ይመስለዋል፤ የተነቀለው ፀጉር ግን ቆዳው ላይ ተጋግሮ ይቀራል። አየር አያሳልፍም፣ እርጥበት ይይዛል፣ ከሥሩም ቆዳው ይቀላና ይቆስላል። ስለዚህ በግራ እጃችሁ ፀጉሩን ወደ ላይ ገልጣችሁ ያዙ፤ ነጩ ቆዳ በመስመር ይታያችሁ። ከመስመሩ በታች ያለውን ጥቂት ፀጉር ከቆዳው ጀምራችሁ ወደ ውጭ ቦርሹ። ከዚያ እጃችሁን ሁለት ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ አድርጋችሁ ቀጣዩን መስመር ክፈቱ። ከኋላ ታፋው ጀምራችሁ በጎኑ በኩል ወደ አንገቱ ውጡ፤ የሚጋገረው በተለይ ታፋው፣ አንገቱ ዙሪያና ከጆሮው ኋላ ነው። አንድ ቦታ ላይ ደጋግማችሁ አትጫኑ፤ የብሩሹ ሽቦ ቆዳውን ይልጠዋል።

መጨረሳችሁን የምታውቁት በብረት ማበጠሪያ ነው። ከቆዳው ተነሥቶ እስከ ፀጉሩ ጫፍ ሳይያዝ ካለፈ ጨርሳችኋል፤ ከተያዘ ወደዚያው ቦታ ተመለሱ። ለዚህ ሥራ የሽቦው ብሩሽ፣ ጥርሱ ድቡልቡል የሆነ የውስጥ ፀጉር መጎተቻና ያ ማበጠሪያ ይበቃሉ። ስለት ያላቸውን መሣሪያዎች አንመክርም፤ ላይኛውን ፀጉር ይቆርጡታል።

ገላውን ከማጠባችሁ በፊት አበጥሩ፤ የተቋጠረ ፀጉር ውኃ ሲነካው ይብስበታል። ሻምፑው ፈጽሞ እስኪለቅ አለቅልቁ፤ ከዚያም በቀዝቃዛ ወይም ለብ ባለ ነፋስ እስከ ቆዳው አድርቁት። ለሙቀት ብላችሁ ግን በፍጹም አትላጩት። ፀጉሩ ከፀሐይም ይከላከልለታል፤ ከተላጨ በኋላ ተበላሽቶ ሊበቅል ይችላል። በሞቃት አገር የምትኖሩ ማለዳና ማታ ብቻ አውጡት፤ የቀኑን ሙቀት ጥላና ንጹሕ ውኃ ባለበት ቤት ውስጥ ያሳልፍ።

ምግብ

በልቶ አይጠግብም፣ ቶሎም ይወፍራል። ምግቡን በሚዛን ለክታችሁ በቀን ሁለት ጊዜ ስጡ። ጎኑን በመዳፋችሁ ስትዳስሱ የጎድን አጥንቱ ሳትጫኑ ሊሰማችሁ ይገባል፤ ፀጉሩ ውፍረቱን ስለሚደብቅ በዓይን አትፍረዱ። ከእኛ ማዕድ የተረፈ ወጥ አይሰጠውም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ያጠፋሉ፤ ወጣችን ደግሞ መሠረቱ ሽንኩርት ነው። ወጡ የነካው እንጀራም ያው ነው። የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

እንቅስቃሴና ጩኸት

ለአዋቂው በቀን ቢያንስ አንድ ሰዓት ስጡት። ባልታጠረ ቦታ አትልቀቁት፤ ሽታ ከያዘ ጥሪያችሁን አይሰማም። የደረት ማሰሪያና 10 ሜትር ገመድ ይዛችሁ ውጡ፣ እንደ ልቡም ያሽትት። ቡችላው አጥንቱ እስኪጠና ድረስ ረጅም ሩጫና ከከፍታ መዝለል ይቅርበት።

ጩኸቱን ማጥፋት አይቻልም፤ ማሳጠር ግን ይቻላል። ሲጮህ አትጩኹበት፤ አብራችሁት እያደናችሁ ይመስለዋል። ትንፋሽ ለመውሰድ ዝም ባለበት ቅጽበት «በቃ» ብላችሁ ቁራሽ ሥጋ ስጡት፤ የዝምታውን ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ወደ ሦስት፣ ከዚያም ወደ አሥር አሳድጉ። ግድግዳ በሚጋሩበት አፓርታማ ለሚኖር ሰው ይህን ዝርያ አንመክርም።

ስታበጥሩ የምታዩት

ቆዳው ላይ አተር የሚያህል እብጠት ብታገኙ አትጭመቁት። በዚህ ዝርያ ቆዳ ውስጥ እንደ ከረጢት ያለ እብጠት (ሲስት) የተለመደ ነው፤ ወደ ውስጥ ከፈነዳ ግን ይመረቅዛል። ቦታውን አስታውሳችሁ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩ። ጥፍሩ ወለሉን ሲመታ ከተሰማችሁ ደግሞ የመቁረጫው ጊዜ ደርሷል።