በድሬዳዋና በሐረር ረሃብንና እንቅልፍን የሚያዛቡ ስህተቶች

ከአንጎል ሥር ያለው ሃይፖታላመስ ክብደቱ 4 ግራም ያህል ነው። የሚያስርቡት፣ የሚያነቁትና የሚያስተኙት የነርቭ ሕዋሶች እዚያው ተጎራብተው ይገኛሉ። ኦሬክሲን የተባለው ኬሚካል በ1998 እ.ኤ.አ. ሲገኝ ጉዳዩ የምግብ ፍላጎት ብቻ መስሎ ነበር፤ በዓመቱ ግን ኦሬክሲን የሌላቸው አይጦች ሳያስቡት እንቅልፍ እንደሚጥላቸው ታየ። አንዱን የነካካ ሌላውንም ያናጋል።

ትልቁ ስህተት በርጫ (ጫት መቃሚያ) ላይ የጠፋን ረሃብ እንደ ጥጋብ መቁጠር ነው። በትኩስ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ከሆነው አምፌታሚን ጋር ይመሳሰላል፤ አንጎል የሚያነቃቁትን ኬሚካሎች፣ ዶፓሚንና ኖራድሬናሊንን፣ እንዲለቅ ያደርጋል። ጨጓራም ምግብ ወደ አንጀት የሚያሳልፈው ቀስ ብሎ ይሆናል። ሰውነት ግን ገና አልበላም። ምርቃናው (የጫቱ መነቃቃት) ሲበርድ፣ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ላይ፣ ረሃቡ ተጠራቅሞ ይመጣል። ያን ጊዜ ከብዶ በልቶ መተኛት ቃር ያመጣል። ጾም ማደርም አያዋጣም፤ የደም ስኳር ሲወርድ የኦሬክሲን ሕዋሶች ስለሚነቁ ዓይን አይከደንም። ለሚቅም ሰው የሚሻለው ከመቃሙ በፊት ምሳውን በሽሮ፣ በምስር ወይም በሥጋ አጥግቦ መብላት፣ ከዚያ ባይርበውም እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት ቀለል ያለ እራት መቅመስ ነው።

«ማታ አልቅምም፣ 12 ሰዓት ላይ አቆማለሁ» የሚለውም ሒሳብ ያሳስታል። ካቲኖን በደም ውስጥ በ1 ሰዓት ተኩል ገደማ በግማሽ ይቀንሳል፤ ካቲን የተባለው ጓደኛው ግን 5 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። 12 ሰዓት ላይ ላቆመ ሰው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ የካቲኑ ግማሽ ገና በደሙ ውስጥ አለ። 10 ሰዓት ላይ ማቆም ብዙ ይለውጣል፤ ጨርሶ መተው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል። በረመዳን መቃሙ ከኢፍጣር (ከጾም መፍቻው) በኋላ ስለሚሆን ይህ ስሌት ሙሉ በሙሉ ይፈርሳል።

ጨብሲ፣ ማለትም ምርቃናን በመጠጥ ማብረድ፣ መፍትሔ አይደለም። ቢራውና አረቄው ቶሎ ያስተኛል፤ የሌሊቱን የመጀመሪያ ክፍል የሕልም እንቅልፍ ይቀንሳል፣ አልኮሉ ሲጠፋ ደግሞ ያባንናል።

ከቡና ገለባና ቅጠል የሚፈሉትን ሆጃና ቁጢን «ቡና አይደለም» ብሎ ማታ መጠጣትም የተለመደ ነው። ገለባውም ቅጠሉም ካፌይን አለው፤ ካፌይን ደግሞ ቀኑን ሙሉ እንቅልፍ የሚያጠራቅመውን አዴኖሲን የተባለ ኬሚካል መንገድ ይዘጋበታል። በአማካይ በ5 ሰዓት ገደማ በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ከመኝታ ቢያንስ 6 ሰዓት ቀድሞ ማቆም ነው።

ድሬ ላይ ሙቀቱ ሌላ ጣጣ ነው፤ ከፍ ያለችው ሐረር ትሻላለች። እንቅልፍ የሚመጣው የውስጥ ሙቀት ሲወርድ ነው፣ እሱም የሚወጣው በእጅና በእግር ቆዳ በኩል ነው። ልክ ሊተኙ ሲሉ በበረዶ ውሃ መታጠብ የቆዳን ደም ሥሮች ያጠባል፣ ሙቀቱን ውስጥ ያስቀራል። ከመኝታ 1 እስከ 2 ሰዓት ቀደም ብሎ ለብ ባለ ውሃ መታጠብ፣ ከዚያ ማራገቢያ መክፈት ይሻላል። የቀን እንቅልፍም ከ20 እስከ 30 ደቂቃ፣ ከ9 ሰዓት በፊት ይሁን። እስከ 11 ሰዓት የተኛ ሰው የማታውን እንቅልፍ በልቶታል።

ሌላው፣ ያልተኛ ሰው ብዙ ሲበላ «ሆዳም» ማለት ነው። በቺካጎ ተሠርቶ በ2004 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት 12 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ለሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ አስተኝቶ ነበር፤ የሚያጠግበው ሌፕቲን 18 በመቶ ቀነሰ፣ የሚያስርበው ግሬሊን 28 በመቶ ጨመረ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ አቅጣጫው ግን ያሳያል።

በቂ ተኝቶ ቀን እንቅልፍ የሚጥለው፣ ሲስቅ ጉልበቱ የሚከዳው ሰው ደግሞ የኦሬክሲን ሕዋሶቹ አልቀው ይሆናል። ናርኮሌፕሲ ይባላል። ሰነፍ ብሎ ከማለፍ ወይም በጫት ከመሸፈን የነርቭ ሐኪም ይየው።